«ነፍስ ይማር» ስንል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከመጡት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ሙታን ናቸው። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። ወሎ ውስጥ አድጎ ይህን ክርክር ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ «እንደምን ከረማችሁ። የምጽፈው ከሐይቅ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሰው ቀበርን። መጀመሪያ የእናቴን እናት፣ ቀጥሎ አባቴን። አያቴ ሙስሊም ነበረች፣ አባቴ ክርስቲያን። እኛ ዘንድ ይህ ብርቅ አይደለም፤ ሁለቱንም የቀበራቸው አንድ ቅሬ (ዕድር) ነው። ከቀብሩ በኋላ ግን ሰላም አጣን። አክስቴ ለአያቴ ሰደቃ ስታወጣ ልጇ ‹ይሄ ቢድዓ ነው፣ በሃይማኖቱ የሌለ አዲስ ነገር› ብሎ ተቆጣት። አሁን ደግሞ የአባቴ ዐርባ እየደረሰ ነው። ጴንጤ የሆነው ታናሽ ወንድሜ ‹የሞተ ሰው ነገሩ ያለቀ ነው፣ ተዝካር አያድነውም› ብሎ ብር አላዋጣም አለ። ለበሬው ልንበደር ነው። እኔ ማን ልክ እንደሆነ አይደለም የቸገረኝ። አባቴና አያቴ አሁን የት ናቸው? የምናደርግላቸውስ ይደርሳቸዋል?»

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጥናችሁ። የአባትሽን ነፍስ ይማር፤ ለአያትሽም አላህ ይዘንላቸው።

ደብዳቤሽን ስጀምረው የእስላምና የክርስቲያን ጥያቄ መስሎኝ ነበር። ደግሜ ሳነበው እንደዚያ አይደለም። አክስትሽና የአባትሽን ዐርባ ልታወጡ ያሰባችሁት በአንድ ወገን ቆማችኋል። ወንድምሽና የአክስትሽ ልጅ ደግሞ በሌላው። ሁለቱ ጎረምሶች በሃይማኖት ቢለያዩም በየቤታቸው የሚሉት ተቀራራቢ ነው፤ በእናንተ ወገን ያለውም እንደዚሁ። የሚያጣላችሁ ጥያቄ አንድ ነው። የሕያው ሰው እጅ ሙት ዘንድ ይደርሳል ወይስ አይደርስም? በዚህ ጥያቄ ያልተከራከረ ሃይማኖት ጥቂት ነው።

በአባትሽ ልጀምር። ብዙ ሰው አንድ ሰው እንደሞተ ወይ መንግሥተ ሰማያት ወይ ገሃነም የገባ ይመስለዋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ሌላ ነው። መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት ከትንሣኤ ሙታንና ከመጨረሻው ፍርድ በኋላ ናቸው። እስከዚያ ድረስ ሥጋ አፈር ውስጥ ነው፣ ነፍስ ብቻዋን ናት። የጻድቃን ነፍስ በገነት ትቆያለች፣ የኃጥኣን ነፍስ በሲኦል። ሁለቱም መቆያ ናቸው። ሲኦልን ከገሃነም፣ ገነትን ከመንግሥተ ሰማያት አደባልቀው የሚናገሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ አደባልቃቸው ነበር። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። ለቅሶ ስንደርስ «ነፍስ ይማር» የምንለው እኮ ገና የሚጠበቅ ነገር ስላለ ነው። ሁሉ ነገር ካለቀማ ምኑን ይማር ብለን እንለምናለን? የጸሎተ ፍትሐቱም፣ የሣልስቱም፣ የዐርባውም፣ የሙት ዓመቱም መሠረት ይኸው ነው።

ይህን የነፍሳት መቆያ በጣም ቀደም ብለው በዝርዝር ከሳሉት መጻሕፍት አንዱ እኛው ዘንድ ያለው መጽሐፈ ሄኖክ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ነገሩ የሚያኮራ ነውና። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ከኢትዮጵያ ይዞ አውሮፓ እስኪገባ ድረስ እዚያ የነበሩ ሊቃውንት ሙሉውን አያውቁትም ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት የቁምራን ዋሻዎች በአራማይክ የተጻፉ ቁርጥራጮቹ ተገኙ።

ምዕራፍ 22ን አንብቢው። ሄኖክ ወደ ምዕራብ ይወሰድና ትልቅ የዓለት ተራራ ያያል። ተራራው ውስጥ ጥልቅ ስፍራዎች አሉ። ይህ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። ቅዱስ ሩፋኤል ይመልስለታል፤ የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን የሚሰበሰቡበት ቦታ ነው ይለዋል። ጻድቃንና ኃጥኣን ተለያይተው ነው ያሉት፣ ለጻድቃን የተለየው ስፍራ ብርሃንና የውኃ ምንጭ አለው። እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሄኖክ ከነፍሳቱ መካከል አንዲት ነፍስ ስትጮኽና ስትከስ ይሰማል፤ ድምፅዋ እስከ ሰማይ ይደርሳል። የማን ናት ሲል፣ ወንድሙ ቃየል የገደለው የአቤል ናት ይለዋል። ያን ያህል ዘመን አልፎ አቤል ገና ፍርዱን እየጠበቀ ነው። መቆያ ማለት እንቅልፍ ብቻ አይደለም ማለት ነው። እዚያ ያሉት ያስታውሳሉ፣ ይናገራሉ፣ ይጠብቃሉ።

ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ሌላው ዕዝራ ሱቱኤል ነው። እሱ ደግሞ ነፍስ ከሥጋዋ ከተለየች በኋላ ሰባት ቀን ነጻ ሆና የሚጠብቃትን ታያለች፣ ከዚያ ወደ ማደሪያዋ ትገባለች ይላል። ሰባተኛው ቀን ላይ ለቅሶ ቤት ስትቀመጪ ይህን ብታስቢው ደስ ይለኛል።

አያትሽ ያሉበትን እስልምና በርዘኽ ይለዋል። ግርዶ ማለት ነው። ሱረቱል ሙእሚኑን ቁጥር 99 እና 100 ላይ፣ ሞት ሲመጣበት ጌታዬ መልሰኝ፣ የተውኩትን መልካም ሥራ ልሥራ እያለ ስለሚለምን ሰው ይናገራል። መመለስ የለም። እስከሚቀሰቀሱበት ቀን ድረስ ከፊታቸው በርዘኽ አለ። በሐዲስ እንደተላለፈው የተቀበረ ሰው ቀባሪዎቹ ሲመለሱ የጫማቸውን ኮቴ ይሰማል። ከዚያ ሁለት መላእክት ይመጣሉ፤ ሙንከርና ነኪር የሚባሉት። ጌታህ ማን ነው? ሃይማኖትህ ምንድን ነው? ነቢይህ ማን ነው? የመለሰ ቀብሩ ይሰፋለታል፣ ያቃተው ይጠብበታል። ከቀብር በኋላ ሰዉ ሁሉ ወዲያው ጥሎ እንዳይሄድ፣ ጥቂት ቆሞ ዱዓ እንዲያደርግለት የታዘዘውም አሁን እየተጠየቀ ስለሆነ ነው።

እኛ አገር «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» የሚባለውን አስቢው። በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። አፈሩ እንዳይከብደው፣ ገለባ ሆኖ እንዲቀለው። ያ ምርቃት ለበርዘኽ የተሰፋ ልብስ ይመስላል፣ ልክ ነው የሚሆነው። አያቴ ሐሙስ ማታ ቡና አፍልታ ዕጣን ስታጨስ የሞቱትን በየስማቸው ትጠራቸው ነበር። ጎረቤቶቿንም ትጨምር ነበር። ልጅ ሆኜ እነዚህ ሰዎች ሁሉ የት ሆነው ነው የሚሰሟት እያልኩ እገረም ነበር። ለብዙ ዓመት ስለዚህ ነገር የማነበው ምናልባት በእሷ ምክንያት ነው።

አባትሽና አያትሽ አንድ ቦታ ናቸው ወይ ብለሽ በቀጥታ አልጠየቅሽም። ግን በደብዳቤሽ ውስጥ አለ። ገነትና በርዘኽ አንድ ነገር ናቸው ብዬ ላጽናናሽ አልችልም፣ የሁለቱም ሃይማኖት ሊቃውንት አይቀበሉኝም። የሚስማሙበትን ግን ልንገርሽ። ሁለቱም ሞት መጥፋት አይደለም ይላሉ። ሁለቱም አሁን ያሉበት የመጨረሻው አይደለም ይላሉ። ሁለቱም አንድ የትንሣኤ ቀን፣ አንድ ፈራጅ ይጠብቃሉ። ሁለቱ ሰዎችሽ ገና አላለቀም በሚል እምነት ነው የተቀበሩት።

አሁን ይደርሳል ወይ የሚለው። የአክስትሽ ልጅ የሚጠቅሰው አንቀጽ እንዳለ እገምታለሁ፤ ሱረቱ ነጅም ቁጥር 39፣ ሰው የሠራው እንጂ ሌላ የለውም የሚለውን። ከባድ ቃል ነው፣ ማቃለል አይገባም። ግን እሱም የሚያውቃቸው ሐዲሶች አሉ። ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፣ ከሦስት ነገር በቀር፤ ቀጣይ የሆነ ሰደቃ፣ ሰው የሚጠቀምበት ዕውቀት፣ ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ። ሌላም አለ። ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ፣ ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ፣ ርቆ በነበረበት ጊዜ እናቱ ሞቱ። ተመልሶ፣ ሰደቃ ባወጣላት ይጠቅማታል ወይ ብሎ ነቢዩን ጠየቀ። አዎ አሉት። የአትክልት ቦታውን ሰጠላት። ስለዚህ ለሙት ዱዓ ማድረግና ሰደቃ ማውጣት ላይ ሊቃውንቱ አይጣሉም። ልጁ የሚቃወመው ምናልባት ቀን ቆርጦ መደገሱን ነው። አንተ የአክስቷ ልጅ፣ ይህን ጽሑፍ ካነበብከው እናትህ ሰደቃውን በየትኛው መንገድ ብታወጣው ደስ እንደሚልህ ንገራት፣ አብራችሁም አውጡት።

ወንድምሽም መሠረት አለው። ፕሮቴስታንቶች ዕብራውያን 9፥27ን ይጠቅሳሉ፤ ለሰው አንድ ጊዜ መሞት ከዚያም ፍርድ ተመድቦበታል ይላል። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1517 የተነሣው በዚሁ ዙሪያ ነው፤ ለሙታን ነፍስ እየተባለ የስርየት ወረቀት በገንዘብ ይሸጥ ነበርና። ድሀ ሰው እናቱን ከሥቃይ ላወጣ ብሎ የመጨረሻ ሳንቲሙን ሲሰጥ ማየት ማንንም ያስቆጣል። ወንድምሽ ለበሬ ብድር አልገባም ሲል ያ ቁጣ ያለበት ይመስለኛል። ፕሮቴስታንቶቹ ራሳቸውም አንድ አይደሉም። ብዙዎቹ የአማኝ ነፍስ ወዲያው ጌታ ዘንድ ትሄዳለች ይላሉ፣ በመስቀል ላይ ለነበረው ወንበዴ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» የተባለውን እያነሱ። አድቬንቲስቶች ደግሞ ሙታን እስከ ትንሣኤ ተኝተዋል፣ ምንም አያውቁም ይላሉ።

በዚያኛው ወገን ያሉት ክርስቲያኖች የሚያነሱት ታሪክ በግሪክኛው ሁለተኛ መጽሐፈ መቃብያን ምዕራፍ 12 ላይ አለ። የአይሁድ የጦር መሪ ይሁዳ መቃቢስ በጦርነት የወደቁ ወታደሮቹ ልብስ ሥር የጣዖት ክታብ ያገኛል። ደነገጠ። ከዚያ ከሠራዊቱ 2,000 ያህል የብር ድራክማ ሰብስቦ ስለ ኃጢአታቸው መሥዋዕት እንዲቀርብ ወደ ኢየሩሳሌም ላከ። ፕሮቴስታንቶች ያንን መጽሐፍ ከቅዱሳት መጻሕፍት አይቆጥሩትም። የእኛው መጽሐፈ መቃብያን ደግሞ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ታሪኩ ሌላ ነው፣ እዚያ ብትፈልጊው አታገኚውም።

ስለ በሬው እንነጋገር። አትበደሩ። ይህን በግልጽ ነው የምልሽ። እኛ ቤት ለአንድ ዐርባ የተበደርነውን ከፍለን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል፤ በዚያ ሁለት ዓመት እናቴ የሟቹን ስም በሰላም ጠርታው አታውቅም። ለአባትሽ የሚያስፈልገው ጸሎትና ምጽዋት ነው። ስሙን ለቅዳሴ ስጡ፣ ፍትሐቱን አስፈቱ። ዳቦ ድፉ፣ ንፍሮ ቀቅሉ፣ ከደጀ ሰላም ያሉትን ድሆች አብሉ። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ ቢስሚላህ ብሎ የሚያርድ ሰው ጠርታችሁ አንድ በግ ለብቻ ብታሳርዱ ደግሞ የወሎ ወግ ሞላ። በሬ ያላረደ አባቱን አልወደደም የሚል ሰው ካለ ብድሩን እሱ ይክፈል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጃዕፈር የተባለው የነቢዩ የአጎት ልጅ በሙእታ ጦርነት ሲሞት ነቢዩ፣ ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ ሥሩላቸው፣ ሐሳብ የሚይዛቸው ነገር ደርሶባቸዋል አሉ። ያ ጃዕፈር ሐበሻ አገር ተሰድዶ በንጉሡ ፊት የተናገረው ሰው ነው። ንጉሡ ነጃሺ ሲሞቱም ነቢዩ መዲና ሆነው ሰግደውላቸዋል። ሐዘንተኛ እንዳያበስል ምግብ ተሸክሞ የሚመጣ ቅሬ ይህንኑ ነው የሚሠራው። ወንድምሽ ተዝካር አይበላ ይሆናል፤ ግን ድሀ አብላ ብትዪው እምቢ የሚል አይመስለኝም። እሱ ለድሃው ብሎ ይስጥ፣ አንቺ ለአባትሽ ብለሽ ስጪ። እንጀራው አንድ ነው።

ጥያቄ፦ «በፊልም ላይ ፑርጋቶሪ የሚባል ነገር አየሁ። በእኛ ቤተ ክርስቲያንስ አለ? ከኮምቦልቻ።»

መልስ፦ በተዋሕዶ የለም። ትምህርቱ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው። ፊልሞቹ ግን ያበላሹታል፤ መሀል ቤት ይመስል፣ ወደ ገሃነምም ወደ ገነትም መሄድ የሚቻልበት አድርገው ያሳያሉ። እንደዚያ አይደለም። በካቶሊኮች ትምህርት እዚያ የገባ ሰው መዳኑ የተረጋገጠ ነው፣ የቀረው መንጻት ብቻ ነው። ትምህርቱ በሊዮን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1274፣ በፍሎረንስ በ1439፣ በትሬንት በ1563 ጸንቷል። በፍሎረንስ ከግሪኮቹ ኦርቶዶክሶች ጋር ብዙ አከራክሯል። ግሪኮቹ ለሙታን እንጸልያለን፣ የሚያነጻ እሳት ግን አናውቅም አሉ። ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትም ከዚያ ጉባኤ ጋር ተያይዞ እ.ኤ.አ. በ1441 ፍሎረንስ ገብተው ነበር። ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1999 ይህ ነገር ቦታ ሳይሆን ሁኔታ ነው ብለው አስተምረዋል። ካቶሊኮች ኅዳር 2 ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሙታንን ሁሉ መታሰቢያ ያደርጋሉ።

ከወደድከው ደግሞ ሱረቱል አዕራፍን አንብብ። አዕራፍ በሚባለው፣ በጀነትና በእሳት መካከል ባለው ከፍታ ላይ የሚቆሙት ሰዎች፣ ብዙ ሙፈሲሮች (የቁርኣን ተንታኞች) እንደሚሉት፣ መልካሙና ክፉው ሥራቸው እኩል የሆነባቸው ናቸው፤ ጀነትን ያያሉ፣ ይመኛሉ፣ ገና አልገቡም። በጥንቱ የፋርስ ሃይማኖት በዞሮአስተርም ሐሚስታጋን የሚባል እንዲህ ያለ ቦታ አለ። እዚያ ያለው ሰው እስከ ትንሣኤ ይቆያል።

ጥያቄ፦ «ለምን ዐርባ ቀን? ሌሎች ሃይማኖቶችስ ይቆጥራሉ? ተማሪ ነኝ፣ ከደሴ።»

መልስ፦ ይቆጥራሉ፣ ያውም በጣም። ዐርባው ጌታ ከተነሣ በኋላ በዐርባኛው ቀን ከማረጉ ጋር ይያያዛል፤ ሣልስቱ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ከመነሣቱ ጋር። ዞሮአስተሮች ነፍስ ሦስት ሌሊት በሬሳው አጠገብ ትቆያለች፣ በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ ቺንቫት የሚባለውን ድልድይ ትሻገራለች ይላሉ። ለደግ ሰው ድልድዩ ይሰፋል፣ ለክፉ ይሰላል። ሂንዱዎች ከሞት በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ከሩዝ የተድበለበለ ምግብ ያቀርባሉ፣ ነፍሲቱ ከቅድመ አያቶቿ ጋር እንድትቀላቀል። የቲቤት ቡድሂስቶች እስከ 49 ቀን የሚደርስ ባርዶ የሚባል መሸጋገሪያ አላቸው። ላማው (መነኩሴው) ለሟቹ አሁን ይህን ታያለህ፣ አትፍራ እያለ ያነብለታል፤ የሞተ ሰው ይሰማል ብለው ስለሚያምኑ። የስሪላንካና የታይላንድ ቡድሂስቶች የሚከተሉት ትምህርት ግን መሸጋገሪያውን አይቀበልም፣ መወለድ ወዲያው ነው ይላል።

በጣም የምወደው የአይሁዶቹ ነው። ሚሽና በሚባለው መጽሐፋቸው የክፉዎች ፍርድ በጌሂኖም (በገሃነም) 12 ወር ነው ተብሏል። ልጅ ለሞተ አባቱ ወይ እናቱ ቃዲሽ የሚባለውን ጸሎት ያደርሳል። 12 ወር ሙሉ ግን አያደርስም። በ11 ወር ያቆማል። ምክንያቱም ዓመቱን ሙሉ ካደረሰ አባቴ ክፉ ሰው ነበር ማለት ይሆንበታል። አንድ ወር በመቀነስ አባቱን ያከብራል። የእኛዎቹ ቤተ እስራኤልም ለሙታናቸው ተዝካር ያወጡ ነበር፣ ስሙም ተዝካር ነው።

ጥያቄ፦ «ሴት ልጅ ወልጄ በ19 ቀኗ ሞተችብኝ። ሰማንያዋ ሳይደርስ፣ ሳትጠመቅ። ሰዎች የሚሉትን መስማት አልችልም። የት ናት? ከወልድያ።»

መልስ፦ እናቴ፣ ወይኔ። ሰዎች የሚሉትን አትስሚ። ንስሐ አባትሽ ዘንድ ሂጂና እሳቸውን ጠይቂያቸው፣ ለቅሶ ቤት ከሚያወራ ሰው የእሳቸው ይሻላል። አንድ ነገር ግን አስቢ። ሄሮድስ ያስገደላቸውን የቤተ ልሔም ሕፃናት ቤተ ክርስቲያናችን እንደ ሰማዕታት ታከብራቸዋለች። እነሱም ያረፉት ጥምቀት ከመታወጁ በፊት ነው።

ካቶሊኮች በመካከለኛው ዘመን ሳይጠመቁ ለሞቱ ሕፃናት ሊምቦ የሚባል ስፍራ አለ ይሉ ነበር። ሥቃይ የሌለበት፣ ግን ከአምላክ ፊት የራቀ። ብዙ እናቶች በዚህ አልቅሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የቫቲካን ዓለም አቀፍ የነገረ መለኮት ኮሚሽን ጉዳዩን አጥንቶ፣ ሊምቦ የሃይማኖት ድንጋጌ ሆኖ አያውቅም፣ ለእነዚህ ሕፃናት መዳን ተስፋ የምናደርግበት በቂ ምክንያት አለን አለ። ሙስሊም ጎረቤቶችሽ ደግሞ ይህን ይነግሩሻል። ነቢዩ በሕልማቸው አንድ ለምለም የአትክልት ስፍራ አዩ። መሀሉ ላይ በጣም ረጅም ሰው ቆሟል፣ ዙሪያውን ሕፃናት ከበውታል። ሰውዬው ኢብራሂም ነው፣ ሕፃናቱም ገና በልጅነታቸው የሞቱት ናቸው። በእኛም ወንጌል ድሀው አልዓዛር ሲሞት የተወሰደው ወደ አብርሃም ዕቅፍ ነው። ያ ዕቅፍ ሰፊ ነው።

በጃፓን ደግሞ ልጆች የሞቱባቸው እናቶች የሚያምኑት አለ። ሕፃናቱ አንድ የወንዝ ዳር ላይ ሆነው ድንጋይ ይከምራሉ፣ ለእናት ለአባታቸው ብለው። ክፉ መናፍስት መጥተው ያፈርሱባቸዋል። ጂዞ የሚባል የቡድሂስቶች ደግ ቅዱስ ይመጣና ልጆቹን በልብሱ እጅጌ ውስጥ ይደብቃቸዋል። ስለዚህ እናቶቹ በየመንገዱ ባሉት የጂዞ ሐውልቶች አንገት ላይ ቀይ የሕፃን ጨርቅ ያስራሉ፣ እግሩ ሥር ትንሽ ድንጋይ ያስቀምጣሉ፣ ልጃቸውን በመከመሩ ለማገዝ። ይህን የነገርኩሽ እንድታምኚው አይደለም። በዓለም ዳር እንዳንቺ ያለች እናት፣ ልጄ ብቻዋን እንዳትሆን ብላ ድንጋይ እንደምታስቀምጥ እንድታውቂ ነው።

በደብዳቤሽ ላይ ስሟን አልጻፍሽውም። ስም አውጥታችሁላት ከነበረ ጻፊልኝ።